እሺ ባይ ፍሬን

በዚህ ዓለም ላይ ከሚያናድዱኝ ሰዎች ሁሉ እጅግ የሚያናድደኝ እምቢ የሚለኝ ሰው አይደለም፤ እምቢ ባይ ቢያንስ የቆመበት ስፍራ ይታወቃልና ዞሬ የምሄድበት መንገድ አላጣም። የሚያናድደኝ፣ ገና ነገሬን ተናግሬ ሳልጨርስ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ «እሺ ጌታዬ፣ ምን ገዶኝ» ብሎ ከተቀበለኝ በኋላ፣ ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ጉዳዩ ከተውሁበት ስፍራ አንዲት ስንዝር ሳይነቃነቅ የማገኝበት ሰው ነው። አባቶቻችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ሲሉ ይህን ዓይነቱን ሰው አያውቁትም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ እሺ ባይ የሆነ የመኪና ፍሬን ግን እንዳልገጠማቸው እርግጠኛ ነኝ፤ በበቅሎ ነበርና የሚሄዱት።

እኔን ገጥሞኛል።

ዕድሜዋን የሚጠይቁኝ ሰዎች ሲበዙብኝ «ከኔ ብዙም አትርቅም» ብዬ የማልፋት፣ ቀለሟ አራት ጊዜ፣ ሰሌዳዋ ሁለት ጊዜ፣ መንግሥቷም ሦስት ጊዜ የተለወጠባት አንዲት ረጅም ላንድሮቨር አለችኝ፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 109 ኢንች ስለምትለካ በሰፈራችን «መቶ ዘጠኝ» ተብላ ትጠራለች። ሞተሯ ሲነሣ ያስነጥሳታል፤ በሯ ሲዘጋ መስኮቷ ይከፈታል፤ ዝናብ ሲዘንብ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ትረጥባለች። ይህን ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጠባይ ቆጥሬ ይቅር ብያት ስኖር፣ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ፔዳሏ እሺ ማለት ጀመረ።

ጤነኛ የፍሬን ፔዳል ሲረግጡት ጥቂት ይወርድና ዐለት እንደ ነካ ሁሉ እግርን እምቢ ይላል፤ እርሱ እምቢ ስላለም መኪናዪቱ ትታዘዛለች። የኔ ግን፣ በተለይ ቁልቁለት በበዛበት መንገድ፣ የበግ ሳንባ የረገጥሁ እስኪመስለኝ ድረስ ለስለስ ብሎ፣ ትሕትና በተመላበት አኳኋን፣ እስከ ወለሉ ድረስ ይሰግድልኛል፤ መኪናዪቱ ግን በዚያው መንፈስ መንገዷን ትቀጥላለች። ሁለት ጊዜ ጎንደር ላይ ጋራዥ አስገብቻታለሁ። ሁለት ጊዜም ጋራዥ በደረሰች ማግስት ጧት ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተገኘ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙን እንደሚረሳ ጥርስ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ባለጋራዦቹ ሰውን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ሆኖባቸው፣ ሁለት ጊዜ ማስተር ሲሊንደሩን ለወጡልኝ። ሁለት ጊዜም ከፈልሁ።

ነገሩ የተፈታው ባለፈው ሚያዝያ፣ ዐቢይ ጾም ተፈትቶ ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ወደ መተማ በወረድሁበት ጊዜ ነው። አብረውኝ የነበሩት፣ የደብራቸውን ዕጣን ከነጋዴ እጅ ከመግዛት ከምንጩ ገዝቶ ማምጣት ይሻላል ያሉ አንድ መሪጌታ ነበሩ። የመተማና የቋራ በረሃ የዕጣን ዛፍ አገር ነው፤ በበጋ ወራት ልጡ በስለት እየተፋቀ ይቆስላል፤ ከቁስሉ የሚወጣው እንባ ደርቆ ሲለቀም እርሱ ነው በየቤተ ክርስቲያኑ ጥና ላይ የሚጨሰው። መሪጌታ ይህን ሲተርኩልኝ «ሳይቆስል መዓዛ የሚሰጥ የለም» አሉና፣ ወዲያው መንገዱ ሲታጠፍ የበሩን እጀታ ጨበጥ አደረጉ።

መንገዱን የማያውቅ ሰው እንዲረዳው ያህል፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ መተማ ዮሐንስ ግን ሰባት መቶ ሜትር በሚያህል ከፍታ፣ የሱዳን ሜዳ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው መንገድ አለ። ከአዘዞ እስከ አይከል ድረስ ደጋው ይቆያል፤ ሰው ጋቢ ይለብሳል፤ የጭልጋ ነፋስ ይመታል። ከአይከል በኋላ ግን ምድሪቱ ድንገት ሐሳቧን እንደ ለወጠች ሁሉ ወደ ታች ትወርዳለች፤ ነጋዴ ባሕር ሲደረስ ጋቢው ይወልቃል፤ ገንዳ ውኃ ሲደረስ ሸሚዙም ቢወልቅ የሚከለክለው ይሉኝታ ብቻ ነው።

እኔም ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ መሪጌታን ዝም ብዬ ማስጓዝ አላስቻለኝምና ስለ ፍሬን ትምህርት ጀመርሁላቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን ፓስካል የተባለ የፈረንሳይ ፈላስፋ፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት ጫናውን ሳይቀንስ ወደ ሁሉም ወገን እኩል እንደሚያካፍለው አስተማረ፤ እግሬ ፔዳሉን ሲጫን ማስተር ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ዘይት ይጨነቃል፤ ጭንቀቱ በቀጫጭን ቱቦ ወደ አራቱም ጎማ ይደርሳል፤ በዚያም ያሉት ትናንሽ ሲሊንደሮች ሸራውን ገፍተው ከታምቡሩ ጋር ያጣብቁታል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ በመሥመሩ ውስጥ አየር ከገባ እግር የሚጫነው አየሩን ይሆንና ጎማው ወሬውንም አይሰማ።

መሪጌታ ይህን ሁሉ በጸጥታ አድምጠው ሲያበቁ፣ «ይህ ፓስካል የተባለው ሰው ክርስቲያን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ነበር፤ ስለ ሃይማኖትም ጽፏል» አልኋቸው።

«እንግዲያስ ይበል። አንዱ ሲጨነቅ ሁሉ እኩል የሚጨነቅበት፣ እንዲህ ያለ ማኅበር እኔ ከእድር በቀር አላየሁም» አሉ።

ይህን እያልን፣ ከአይከል በታች ካሉት ጠመዝማዛዎች በአንዱ ላይ፣ ፔዳሌ እሺ አለኝ። ደግሜ ረገጥሁት፤ ከፊተኛው ይልቅ ትሑት ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ደጋግሜ ስመታው ከሥር ትንሽ ቀና አለልኝና፣ ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ፣ በመንገዱ ዳር በተከመረ የጠጠር ክምር ላይ ጎማዬን አስደግፌ ቆምሁ። መሪጌታ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የትኛውን ጸሎት እንደ ያዙ ግን አልጠየቅሁም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የተባለው ለካ ስለ ወንዝ ብቻ አይደለም።

አንድ መኪና መንገድ ዳር ኮፈኑን ከፍቶ ሲቆም ኢትዮጵያ ውስጥ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ከማይኖርበት ሸለቆ ሰው ይወጣል። ከቁልቁለቱ የመጣ የጭነት መኪና ቆመ፤ ከዳገቱ የመጣ ቅጥቅጥ ቆመ፤ ፍየል ጠባቂም ደረሰ። እያንዳንዱ ሾፌር በየተራ ወደ ጋቢናዬ እየገባ ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረገጠ፤ እያንዳንዱም እግሩን እንዳነሣ በአንድ ቃል «ኤር ይዟል» አለ። ረዳቶቹም ረገጡ፤ «ኤር ይዟል» አሉ። ፍየል ጠባቂው አልረገጠም፤ ነገር ግን እርሱም ኤር ሳይዝ እንደማይቀር ነገረኝ።

በቆላው እንዲህ ነው። በመተማ አንድ ሰው ትኩሳት ያዘኝ ካለ፣ ገና እጁን ግንባሩ ላይ ሳያደርግ ሰፈሩ ሁሉ «ወባ ነው» ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜም እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በሰሊጥና በጥጥ ወቅት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ሳሉግ የሚሉት፣ በየግራሩ ሥር ሲያድር የአሸዋ ዝንብ የምትሰጠው ካላዛር የሚባል ሌላ ትኩሳት አለ፤ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ሰውን ያከሳል፤ ካልታከመም ይገድላል። ያንን የያዘ ሰው የወባ መድኃኒት እየዋጠ ስንት ወር እንደሚቆይ የቆላ ሐኪሞች ያውቁታል። ፍሬንም እንዲሁ ነው፤ ልል የሆነ ፔዳል ሁሉ ኤር የያዘ አይደለም፤ ይህን ግን ያን ዕለት አላወቅሁም፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነኛ።

በነገራችን ላይ፣ ይህ የመኪና ቋንቋ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ታምቡር፣ ጎሚኒ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ፤ ሁሉም የኢጣልያ ቃል ነው። የኢጣልያ ጦር በአፍሪቃ ምሥራቅ የመጨረሻ ምሽጉ የነበረችውን ጎንደርን፣ ጄኔራል ናሲ እጁን ሰጥቶ፣ በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. ለቀቀ፤ ከጋራዥ ግን እስከ ዛሬ አልወጣም። አርበኞቻችን በእርግጥ ሁሉን ነገር ነጻ አወጡልን፤ ካቻቢቴውን ብቻ ዘነጉት።

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን፣ ደጋግመን መክረን ስናበቃ፣ ፔዳሉን ብረግጠው እንደ ዐለት ጠንክሮ አገኘሁት። ባለ ቅጥቅጡ ሾፌር «አየህ፣ ኤሩ ወጣ» አለኝ። ከየት በኩል እንደ ወጣ ብጠይቀው ቅር የሚለው መሰለኝና ተውሁት። ቀስ እያልን፣ መሪጌታ በየኩርባው በግዕዝ እየመከሩኝ፣ እኔም ፍሬኑን ሳላምን፣ እግሬንም ከላዩ ሳላነሣ፣ ገንዳ ውኃ ደረስን፤ ስንደርስም ፔዳሉ እንደ ገና ወለል ነክቶ ነበር።

የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ገንዳ ውኃ፣ ሸኸዲም ትባላለች፣ በዚያ ወራት ከሰዓት በኋላ ሙቀቷ ከአርባ ዲግሪ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ሰውም ውሻም ጥላ ሥር ነው የሚገኘው። ጋራዡ ማለት አንድ ትልቅ ዛፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ዳስና ሁለት ወጣቶች ናቸው። ወጣቶቹ ነገሩን እንደ ሰሙ ወዲያው ተከራከሩ። አንደኛው፣ ጥፋቱ ላይ ነው፣ ማስተሩ ውስጥ ጎሚኒው ተበልቶ ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጣል እንጂ ጎማው ምን በደለ አለ። ሁለተኛው፣ ጥፋቱ ታች ነው፣ ወይ የጎማው ሲሊንደር ያንጠባጥባል፣ ወይ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ ወይ ጎማ ቱቦው አርጅቶ ሲጫኑት ያብጣል አለ።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ፣ ከድካማቸው ሁሉ ቀና ብለው ሳቁ። «አንድም አየር ገብቶ፣ አንድም ጎሚኒ ተበልቶ፣ አንድም ሸራ ርቆ! እናንተም ላይ ቤትና ታች ቤት አላችሁ ማለት ነው!»

ልጆቹ አልገባቸውም። የመጻሕፍትን ትርጓሜ በሚማሩ ሰዎች ዘንድ፣ ጎንደር ላይ ነባሩን ይዞ የቀረው ላይ ቤት፣ መምህር ኤስድሮስ ያቀኑት ደግሞ ታች ቤት ይባላል፤ አንዱ ቃል «አንድም» እየተባለ በስንት ወገን እንደሚፈታ ለመማር መሪጌታ የዕድሜያቸውን እኩሌታ ያህል ፈጅተዋል። አሁንም አንድ የፍሬን ፔዳል አንድም እየተባለ ሲፈታ ሲያዩ፣ አገራቸውን ያገኙ መሰላቸው። «ታዲያ መምህሩ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩ ከዛፉ ሥር ባለች ገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብለው ከርከዴ ይጠጡ ነበር። ኡስታ ነው የሚሏቸው፤ በወጣትነታቸው ድንበሩን ተሻግረው ገዳሪፍ ላይ፣ በዚያ ጎኑ ሁሉ በሥዕል በተጌጠው የሱዳን ቤድፎርድ ሎሪ ሥር ተኝተው ሙያ የተማሩ፣ ጺማቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት በተግባር የፈጸሙ፣ ከሁለቱ ልጆች በቀር ማንንም ገሥጸው የማያውቁ ሰው ናቸው። ቀስ ብለው ተነሡ። ቁልፍ አልያዙም፤ ኮፈን አልከፈቱም። ከልጆቹ አንዱ ትኩሱን ታምቡር ለማብረድ የውኃ ጆግ ይዞ ሲሮጥ ግን እጁን ያዙት፤ የጋለ ብረት ውኃ ሲያገኘው ይሰነጠቃልና።

መጀመሪያ ወደ ጋቢናው ገብተው ፔዳሉን ቀስ ብለው ተጫኑና፣ እግራቸውን እዚያው አጽንተው ይዘው፣ «መሪጌታ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙልኝ፤ ሳይቸኩሉ» አሉ። መሪጌታ ደገሙ። ጸሎቱ ሲያልቅ ፔዳሉ ከቆመበት አልወረደም። «የማስተሩ ጎሚኒ ቢያሳልፍ ኖሮ፣ አሜን ሳይባል በቀስታ ይሰምጥ ነበር፤ ላይ ያለው ደኅና ነው» አሉ። እኔ በዚህ ጊዜ በልቤ የሁለቱን ማስተር ሲሊንደር ዋጋ እየደመርሁ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ ያውም ዳውላው በኔ ሒሳብ ሁለት ጊዜ የተገዛ።

ሁለተኛ፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ሦስት ጊዜ መቱት፤ በየምቱ ከፍ ከፍ አለ። «ይህ ሁለት ነገር ይላል» አሉ፤ «ሸራው ከታምቡር የራቀ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ምት ክፍተቱን ሲሞላ ሁለተኛው ይጨብጣል። ደግሞ ብረት ሲግል ይሰፋልና ታምቡሩ ራሱ ከሸራው ይሸሻል። ነገር ግን ከፍ ካለ በኋላ ደረቅ ብሎ ቢቆም ክፍተት ብቻ ነው እል ነበር፤ ይኸው ከፍ ብሎም ይለሰልሳል፤ ውስጡ የሚታመቅ ነገር አለ።»

ታች ቤት የነበረው ልጅ ፈገግ አለ፤ ግን ገና ነበር። ኡስታ እርሱን ጋቢና አስገብተው ፔዳሉን እንዲይዝ አዘዙና፣ ራሳቸው በደረታቸው መሬት ለመሬት ተስበው ጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ፤ ያበጠ የለም። በየጎማው በስተኋላ እጃቸውን ሰድደው አወጡና አሸተቱት፤ አቧራ እንጂ እርጥበት የለም። «አይፈስም፤ ከውጭ አየር የሚገባበትም አልታየኝም» አሉና፣ ወደ ገመድ አልጋቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እና ኡስታ፣ ምን ይደረግ?» አልኋቸው።

«ይብረድ።»

ሠላሳ ዓመት ስለ ሙቀት አስተምሬ፣ ሙቀትን እንዲህ ባለ አንድ ቃል የመለሰልኝ ሰው አላጋጠመኝም። ከርከዴ ቀረበልን። መሪጌታ ስለ ዕጣን ዋጋ ጠየቁ፤ ኡስታ ስለ ድሮው ሎሪ ተረኩ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ስሊም የተባለው እንግሊዛዊ፣ በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው፣ ከገላባት በኩል ኢጣልያን ለማጥቃት ታንክ ይዞ ሲመጣ፣ ከፊሎቹ ታንኮች ገና ጦርነቱ ሳይሞቅ በዚህ አገር ድንጋይ ላይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ መቆማቸውን ማንበቤን አነሣሁላቸው። ኡስታ ነገሩ አልገረማቸውም። «ድንጋዩ አሁንም አለ» ብቻ አሉኝ።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ተነሥተው ፔዳሉን ረገጡት። ጠንክሮ ነበር። አንድም ቡሎን ሳይፈታ፣ አንድም ጠብታ ሳይጨመር፣ እምቢ አለ። ኡስታ ግን አልተደሰቱም፤ ወደ እኔ ዞረው፣ ንስሐ አባት ኃጢአት የሚያወጣበት በሚመስል ለስላሳ ድምፅ፣ «መምህር፣ ዘይት ሲጎድል የሚጨምሩበት ጠርሙስ አለዎት?» አሉ።

ከወንበሬ ሥር አወጣሁላቸው። ሁለት ክረምት ያሳለፈ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ፣ ግማሽ ድረስ የጎደለ ጠርሙስ ነው። ኡስታ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት፤ ቀለሙ እንደ ጠላ ጠቁሯል። እኔም ያን ጊዜ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዶት 3 የሚለውን ቃል አየሁና፣ የማውቀው ነገር ሁሉ እንደ ዘገየ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዘይት እንለዋለን እንጂ የፍሬን ዘይት ዘይት አይደለም፤ ከአየር ላይ ውኃ የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይታገሣል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከመቶ አራት እጅ የማይሞላ ውኃ ሲጠጣ ግን ትዕግሥቱ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላም እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ አየር ይታመቃል። ሲበርድ ደግሞ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና፣ ፔዳሉ ምንም እንዳልበደለ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ለዚህ ነው ጎንደር ጋራዥ ውስጥ በማግስቱ ጧት ሁልጊዜ ጻድቅ ሆኖ የተገኘው።

ኡስታ ግን ገና አልጨረሱም። «ከአይከል ቁልቁል በስንተኛ ማርሽ ወረዱ?»

ዝም አልሁ። መሪጌታ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ መለሱልኝ፦ «በአራተኛ፤ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ሳያነሣ፤ ስለ ፈረንሳዊው ፓስካል እያስተማረኝ።»

ልጆቹ ሳቁ፤ ኡስታ አልሳቁም። «ሎሪ ሾፌር ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ሞተሩ ይይዝለታል፤ ፍሬን የሚነካው ለመቆም ነው እንጂ ለመሄድ አይደለም» አሉኝ። እኔም በልቤ አሰላሁት። ሁለት ቶን የሚያህል መኪና ከአይከል እስከ ገንዳ ውኃ ከሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ሲወርድ፣ ሞተሩና ነፋሱ ካልተካፈሉት፣ አራቱ ታምቡሮች ብቻቸውን የሚሸከሙት ሙቀት ሰባ ሊትር ውኃ ከእንስራ አንሥቶ እስኪንተከተክ ለማፍላት ይበቃል። የአንድ ሠርግ ቡና ማለት ነው። ያን ሁሉ ቡና በሁለት ክረምት ጠላ ላይ ሳፈላ ነው የዋልሁት።

ሥራው ከምርመራው ያነሰ ነበር። አሮጌው ዘይት እንዲወጣ፣ አዲስ እንዲገባ፣ ሸራዎቹም ከየታምቡሩ በስተኋላ ባለችው ማጥበቂያ ቀድመው እንዲጠብቁ ታዘዘ። ከማስተሩ እጅግ ከሚርቀው ጎማ ተጀመረ። ልጆቹ በጎማና በጠርሙስ ተይዘው ስለ ነበረ፣ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ሲጠፋ መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው በሾፌሩ ወንበር ተቀመጡ።

«ይጫኑ፤ ይያዙ» ይላሉ ኡስታ ከሥር። መሪጌታ ይይዛሉ። ቡሎኗ ትላላለች፤ ጥቁሩ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ እየተንፎለፎለ ይወርዳል፤ ቡሎኗ ትጠብቃለች። «ይልቀቁ።» ልጆቹ ሌላ ጊዜ ሲረግጡ ከትእዛዙ ቀድመው ስለሚለቁ አየር መልሰው ይስባሉ አሉ ኡስታ፤ መሪጌታ ግን አንድ ጊዜም አልተሳሳቱም። ኋላ ስጠይቃቸው፣ «ይህማ ይዘት ነው፤ ከቅዱስ ያሬድ ምልክቶች አንዱ፤ ቁርጡ እስኪመጣ ድረስ ድምፅን አጽንቶ መያዝ ነው። እናንተ ፍሬን ትሉታላችሁ» አሉኝ።

መተማ ዮሐንስ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰው ስለ መኪናው ፍሬን አስፈላጊነት ከልብ የሚያስብበት ከተማ ቢኖር ይህ ነው፤ አስፋልቱ ከተማውን ሰንጥቆ ወርዶ ከትንሽ ድልድይ ማዶ ገላባት ይሆናልና፣ ፍሬን የተበጠሰበት መኪና ያለ ፓስፖርት ሱዳን ይገባል። መሪጌታ እዚህ እንድቆም ጠየቁኝ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ፣ ድሉ ወደ እርሳቸው ካዘነበለ በኋላ በጥይት ቆስለው ያረፉበት ምድር ነው፤ ከተማውም በስማቸው ይጠራል። ፔዳሉን ነካሁት፤ እግሬን እምቢ አለኝ፤ መኪናዪቱም እዚያው፣ መሪጌታ በጣታቸው ባመለከቱበት ስፍራ ላይ ቆመች። መሪጌታ ወርደው ለዐፄው ነፍስ ጸለዩ። እኔም ከመሪው ጋር ተቀምጬ ስለ ፔዳሉ አመሰገንሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

በሦስተኛው ቀን ዕጣኑ ተገዝቶ፣ በከረጢት ታስሮ፣ በመሪጌታ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ወደ ደጋ ስንመለስ፣ ገንዳ ውኃ ላይ ኡስታን ለመሰናበት ቆምን። ኡስታ ከገመድ አልጋቸው ሳይነሡ መከሩኝ፤ ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ያስለውጡ፤ ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ አያስቀምጡ፤ ያንን ጠላ የመሰለውን ዛሬውኑ ይጣሉት።

«እሺ» አልኋቸው። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ።

ኡስታ ለረጅም ጊዜ፣ ፔዳል ተጭኖ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እንደሚጠብቅ ሰው፣ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ከርከዴያቸውን አነሡ።

ነጋዴ ባሕርን አልፈን ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስንጀምር፣ በየኩርባው ከወንበሬ ሥር ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ መጣ። መሪጌታ የዕጣኑን ከረጢት ወደ ጎን አድርገው አደመጡ።

«መምህር፣ ይህ የሚንኳኳው ጠርሙስ ያ አይደለም?»

«ለክፉ ቀን ቢያስፈልግ ብዬ ነው፤ ግማሽ ድረስ አለ እኮ» አልኋቸው።

«ጎንደር ስንደርስ ይጥሉታል?»

«እሺ፣ መሪጌታ።»